ስለ እሱ ማን ይናገር? ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችና የሁለት ወገን ቃል

(የመግቢያ ዜማ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ዛሬም በሰዓቱ ደርሷል።

የዛሬው ርእሳችን ኦቲዝም ነው። ኦቲዝም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ትንንሽ ልጆች ይሄዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስላደጉት ነው፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ስለሞላቸው ሰዎች። ከእነሱም ጉዳይ አንዱን ብቻ መርጠናል። ስለ ምልክቶቻቸው ሲጠየቅ መልስ መስጠት ያለበት ማን ነው? ባለቤቱ፣ ማለትም ኦቲዝም ያለበት ሰው ራሱ ነው ወይስ የሚያውቁት ሰዎች? ሁለቱ የተለያየ ነገር ሲናገሩስ የማንን ቃል እንያዝ?

በቅድሚያ ስለ ኦቲዝም ጥቂት እንበል። ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። መገለጫዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሚታይ ነው፤ ጨዋታ መጀመርና መቀጠል፣ የሰውን ፊትና ሁኔታ አይቶ መረዳት፣ ወዳጅነትን ማቆየት ይከብዳል። ሌላው ድርጊትን መደጋገም፣ በአንድ ጉዳይ ጠልቆ መያዝ፣ የለመዱት ነገር ሲለወጥ መረበሽ፣ እንዲሁም ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን ከሌላው ሰው አብልጦ ወይም አሳንሶ መስማት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በዚህ ዝግጅት ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ዜማ)

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ነው እንጂ የማንም ሰው ታሪክ አይደለም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሳሪስ አካባቢ፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር የሚኖር የ27 ዓመት ወጣት አለ እንበል። በአንድ መጋዘን የዕቃ ቆጠራ ይሠራል። እንቅልፍ ስላጣ እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ባለሙያው ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እሱ እንዴት ነው? ጓደኛ አለው?» ብሎ ጠየቀ። እናት መለሰች፦ «ጓደኛ የሚባል የለውም። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል። ሌላ ችግር የለበትም፤ ሥራውን ይሠራል፣ ደመወዙን ያመጣል።»

ወጣቱ ብቻውን ሲጠየቅ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ጓደኛ አለኝ። በየቀኑ ማታ በቴሌግራም ስለ ቼዝ እናወራለን። የሚያስቸግረኝ ታክሲው ነው። ሙዚቃው፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የሰው ትከሻ ሲነካኝ። ሥራ ስደርስ ደክሞኛል፤ ቤት ስገባ መናገር ያቅተኛል።»

የመጋዘኑ አለቃ ቢጠየቅ፣ «እንደ እሱ ያለ ጠንቃቃ ሠራተኛ የለኝም፤ ምንም አላየሁበትም» ይላል።

አድማጮቻችን፣ ከሦስቱ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። እናት ጓደኛ የምትለው ቤት መጥቶ ቡና የሚጠጣውን፣ ለለቅሶና ለሰርግ የሚጠራውን ነው። ለልጁ ጓደኛ ማለት ስለሚወደው ነገር አብሮት የሚያወራው ነው። አለቃው የሚያየው ቆጠራው ልክ መምጣቱን ነው። ጠያቂው እናቲቱን ብቻ ሰምቶ ቢዘጋ የእንቅልፍ ማጣቱን ዋና መነሻ ሳያገኝ ይቀራል። ልጁን ብቻ ሰምቶ ቢዘጋ ደግሞ ቤት ውስጥ ከሰው መራቁን አያውቅም።

(አጭር ዜማ)

የባለቤቱ ቃል ሳይሰማ የሚቀርበት ምክንያት ዛሬ የመጣ አይደለም። ኦቲዝም ከታወቀ ጀምሮ በሌላ ሰው አንደበት ነው የተነገረው። በ1938 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ አባት ስለ ልጁ ጠባይ በታይፕ የተጻፈ የ33 ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅቶ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ ለነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ለሊዮ ካነር ላከ። ካነር ልጁን አይቶ፣ ሌሎችንም ጨምሮ፣ በ1943 ስለ 11 ሕፃናት የጻፈውን ጥናት አሳተመ። ከ11ዱ የመጀመሪያው የደብዳቤው ልጅ ነው። ሐኪሙ ስለ ልጁ ካወቀው ብዙው የአባትየው ምልከታ ነበር። ያ ልጅ፣ ዶናልድ ትሪፕሌት፣ አድጎ ኮሌጅ ጨረሰ፤ በተወለደባት ከተማ ባንክ ውስጥ ሠራ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ከካነር ጽሑፍ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለ ኦቲዝም የሚናገሩት ወላጅ፣ መምህርና ሐኪም ነበሩ። በ1986 ቴምፕል ግራንዲን የተባለች አሜሪካዊት ኦቲዝም ካለበት ሰው ዓይን ሕይወቷን ጽፋ ስታወጣ ብዙ ባለሙያዎች ተገረሙ። እሷና ከእሷ በኋላ የጻፉት ሌሎች ሰዎች ደጋግመው ያነሡት ነገር ከውጭ ሲታይ ጎልቶ የማይወጣውን ነው፤ የድምፅን ሕመም፣ የልብስን መኮስኮስ፣ የብርሃንን መውጋት። አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች የሚመሩበት መጽሐፍ ይህን ጉዳይ ከኦቲዝም መለያ መስፈርቶች አንዱ አድርጎ በግልጽ ያስቀመጠው በ2013 ነው። ካነር ከጻፈ 70 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣም መንገዱን የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ ኦቲዝም እርግማንም የወላጅ ኃጢአትም አለመሆኑን አስተምረዋል። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ሥራቸው ቀጥሏል። በኋላም በወላጆች ጥረት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተቋቁሟል። እነዚህ እናቶችና አባቶች ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ስለ ኦቲዝም በሬዲዮ አናወራም ነበር።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሚገኙ የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን አነጋግሯል። ልጆቻቸው ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት ችግር ያለባቸው ናቸው። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ አንድ ያህሉ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ገልጸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሷል። ያን ጊዜ እናቱ ብትናገርለት ተገቢ ነበር። አሁን ግን የራሱን መናገር በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ እሱን የመጠየቅ ልማዱ ገና የለንም።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የባለቤቱና የሌላው ሰው ቃል ለምን ይለያያል? አምስት ምክንያቶችን እናያለን።

የመጀመሪያው ቦታ ነው። ሰው በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ1987 ቶማስ አኬንባክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ስለ ልጆችና ወጣቶች ጠባይ የተሠሩ 119 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ከዜሮ እስከ አንድ ባለው መለኪያ፣ እናትና አባት እርስ በርስ፣ ወይም መምህርና መምህር እርስ በርስ፣ ስለ አንድ ልጅ ሲጠየቁ ስምምነታቸው 0.60 ገደማ ሆነ። ወላጅና መምህር ሲነጻጸሩ ግን ወደ 0.28 ወረደ። ልጁ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል ከሌሎች ቃል ጋር ሲተያይ 0.22 ብቻ ነበር። ይህ ጥናት ስለ ኦቲዝም ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ስለ ልጆችና ወጣቶች በጠቅላላው ነው። የመለያየት ዋናው መነሻ እያንዳንዱ ሰው ልጁን የሚያየው በሌላ ሰዓትና በሌላ ቦታ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መሸፈን ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሌላውን ሰው እያዩ መምሰልን ተምረዋል። መቼ እንደሚሳቅ፣ ስንት ጊዜ ራስ እንደሚነቀነቅ፣ ምን ተብሎ ጨዋታ እንደሚቆም አጥንተው ይይዛሉ። በ2019 እንግሊዝ አገር ይህን መሸፈን የሚለካ 25 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ወጥቷል፤ መልስ የሚሰጠውም ባለቤቱ ራሱ ነው። ምክንያቱም ሽፋኑ በደንብ ሲሠራ ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም አያገኝም። ለምሳሌ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። መሥሪያ ቤት «ተጫዋች ናት» ይሏታል። ማታ ቤቷ ስትገባ መብራት አጥፍታ ወለል ላይ ትተኛለች። ባልደረቦቿ ያዩት ቀኑን ነው፤ ባሏ የሚያየው ማታውን ነው። ቀኑ ማታውን እንዳመጣው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ሦስተኛው ባህላችን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ከውጭ የመጡ መጠይቆች የማይነግሩን ነገር ስላለ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የሰው ዓይን አለማየት ቶሎ ከሚጠረጠሩ ምልክቶች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የታላቁን ዓይን ትኩር ብሎ ቢያይ «ደፋር» ይባላል፤ አንገቱን ቢደፋ ይመሰገናል። ድምጿ የማይሰማ፣ ካልጠየቋት የማትናገር፣ ከቤት የማትወጣ ልጅ «ጨዋ ናት» ተብላ ታድጋለች። በሪፖርት ካርዷ ላይ የጠባይ ውጤቷ ኤ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ባለሙያ እናቷን «በልጅነቷ ምን ያስቸግራት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ምንም! እንደሷ ያለ ልጅ አልነበረም» ነው። እናት እውነቷን ነው። ልጅቷም «አስታውሳለሁ፤ በእረፍት ሰዓት ማንን ማጫወት እንዳለብኝ ስለማላውቅ ሽንት ቤት እደበቅ ነበር» ብትል እውነቷን ነው።

ሰላምታችንም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰላምታ ረጅምና ሥርዓት ያለው ነው፤ ጥያቄውም መልሱም የታወቀ ነው። ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ይህን በቃሉ ይዞት አሳምሮ ሊያደርሰው ይችላል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት አይከብደው ይሆናል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ጎረቤቱ ጨዋታ ሲጀምር ምን እንደሚል፣ ድንኳኑ ውስጥ ሃምሳ ሰው አንድ ላይ ሲያወራ የትኛውን እንደሚሰማ። ዕድርተኛው ሰላምታውን አይቶ «ደህና ሰው ነው» ይላል። ቶሎ ሲወጣ ደግሞ «ኩሩ ነው» ይለዋል።

አራተኛው ስሜትን ለይቶ የማወቅ ጉዳይ ነው። በ2019 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥናት እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የራሳቸውን ስሜት ለይተው ለመናገር ይቸገራሉ፤ ከሌላው ሰው ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ። እንግዲህ «ትጨነቃለህ?» ብሎ ጠይቆ «አይ» የሚል መልስ ማግኘት ጭንቀት የለም ማለት አይደለም። ጥያቄው በሰውነት ላይ ወደሚታይ ነገር ቢዞር ይሻላል። «ልብህ በኃይል የሚመታበት ጊዜ አለ? እጅህ ያልብሃል? ስንት ሰዓት ተኛህ? ስንት ጊዜ ነቃህ?» «ሆድ ባሰህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ሆዴን አላመመኝም» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩን በቀጥታ መጠየቅ ነው። በዚያ ላይ እኛ ስንጠየቅ አስቀድመን ፈጣሪን ማመስገን ልማዳችን ነው። «ደህና ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ከተባለ በኋላ ነው ትክክለኛው ጥያቄ የሚጀምረው።

አምስተኛው እያንዳንዱ ተናጋሪ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነገር መለያየቱ ነው። በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ25 እስከ 55 ዓመት የሆኑ 60 ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችንና እናቶቻቸውን ስለ አዋቂዎቹ የኑሮ ደስታ ጠየቀ። በአዋቂዎቹ መልስ ውስጥ ከኑሯቸው ጋር ጎልቶ የተያያዘው የሚሰማቸው ጭንቀትና ሰው ያደረሰባቸው ማንጓጠጥ ነበር። በእናቶች መልስ ውስጥ ጎልቶ የወጣው ልጃቸው የዕለት ተዕለት ሥራውን በራሱ መሥራት መቻሉና የአካል ጤንነቱ ነበር። እናት ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ነገው ታስባለች፤ ልጅ ስለ ሰደቡት ሰዎች። ሁለቱም አሳሳቢ ነገር ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን ሊተካ አይችልም።

(አጭር ዜማ)

ታዲያ የማንን ቃል እንያዝ? መልሱ እንደ ጥያቄው ዓይነት ይለያያል።

ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ድምፅ ምን ያህል እንደሚያሳምመው፣ ሰው መሃል ለመቆየት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ መኖር እንዳስጠላው ወይም ራሱን ለመጉዳት እንዳሰበ። ይህን የመጨረሻውን በተለይ ባለሙያው ቤተሰብ በሌለበት፣ በቀጥታና በግልጽ መጠየቅ አለበት። ቤተሰብ «እሱማ እንዲህ አያስብም» ብሎ ስለተናገረ መዝለል ሕይወት ያሳጣል።

ሌላው ሰው ብቻ የሚያውቀውም አለ። በሁለት ዓመቱ ይናገር እንደነበር፣ በአራት ዓመቱ ከልጆች ጋር እንዴት ይጫወት እንደነበር ባለቤቱ አያስታውስም። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚናገር፣ ሲደሰት እጁን እንደሚያርገበግብ፣ ሰው ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ ላያስተውል ይችላል። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በብዛት ይታያል፤ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ምን እንደሆነ የሚናገረው ያየው ሰው ነው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው መጠይቆችም በዚሁ ሁለት መንገድ የተሠሩ ናቸው። በ2001 በካምብሪጅ የወጣውና 50 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ለባለቤቱ የተዘጋጀ ነው። ኤዲአይ አር የተባለው ረጅም ቃለ መጠይቅ ወላጅን ወይም አሳዳጊን ይጠይቃል፤ በተለይም ከአራት እስከ አምስት ዓመት ስለነበረው ጊዜ። አዶስ የተባለው ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ባለሙያው ራሱ ሰውየውን እያነጋገረ የሚያይበት ነው። ኤስአርኤስ የተባለው 65 ጥያቄ ለአዋቂዎች በሁለት ቅጂ መጥቷል፤ አንዱን ባለቤቱ ይሞላዋል፣ ሌላውን የሚያውቀው ሰው። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በ2012 የወጣው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እንደሚለው፣ አዋቂ ሰው ሲመረመር ከተቻለ ቤተሰብ ወይም ሌላ የሚያውቀው ሰው ይጠየቃል፤ ካልተገኘ እንደ ትምህርት ቤት ሪፖርት ያለ የጽሑፍ ማስረጃ ይታያል።

ይህ «ካልተገኘ» የሚለው ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የወለደችው እናት ወሎ ወይም ጉራጌ ቀርታ፣ ያሳደገችው አያት አርፋ ሊሆን ይችላል። ጀሞ ላይ በዕጣ ቤት የደረሰው ቤተሰብ የድሮ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ነው የመጣው፤ በልጅነቱ የሚያውቀው ሰው ከጎኑ የለም። እንዲህ ሲሆን ታላቅ እህት፣ አክስት፣ የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ፣ አብሮ ያደገ የሰፈር ልጅ፣ የድሮ ሪፖርት ካርድ ሁሉ ይጠቅማሉ። አንድም ባይገኝ ሰውየው «ምስክር የለህም» ተብሎ መመለስ የለበትም።

አንድ ሌላ ሐሳብም እናክል። ዴሚየን ሚልተን የተባለ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር፣ በ2012 እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ አለመግባባት የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ፣ ሌላውም እሱን ለመረዳት ይቸገራል። ይህ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። «እሱ ራሱን አያውቅም» እያልን የእሱን ቃል ከጣልን፣ እኛ እሱን ምን ያህል እንደምናውቀው ማን ጠየቀን?

(አጭር ዜማ)

አድማጮቻችን፣ «የእኔ ልጅ እኮ አይናገርም፤ ምኑን ልጠይቀው?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን። ለእናንተ ሁለት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ አለመናገር አለማወቅ አይደለም። በአፉ የማይናገር ሰው በሥዕል፣ በስልክ ላይ በመጻፍ፣ በጣቱ በመጠቆም፣ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ካርዶችን በመምረጥ ሊመልስ ይችላል። ወይዘሮ ዘሚም ንግግር ለሚያስቸግራቸው ልጆች በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ ዘዴ ነድፈው አስተምረዋል። መጀመሪያ ቀላል ነገር ጠይቁ፤ የሚያሳምመውን ቦታ በሥዕል ላይ እንዲያሳይ፣ ከሁለት ልብስ የሚመቸውን እንዲመርጥ። መልስ ለመስጠት ጊዜ ሲወስድ አትቸኩሉ።

ሁለተኛ፣ ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ «ኦቲዝሙ ባሰበት» ብላችሁ አትተዉት። ራሱን መምታት የጀመረ፣ ምግብ የተወ፣ ሌሊት የሚጮህ ሰው ጥርሱን፣ ጆሮውን ወይም ሆዱን እያመመው፣ የሆድ ድርቀት ይዞት ሊሆን ይችላል። መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን፣ ከምግብ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ ጽፋችሁ ለሐኪም አቅርቡ። እዚህ ላይ የእናንተ ዓይን የእሱ አንደበት ነው።

(አጭር ዜማ)

ወደ ማጠቃለያው ስንሄድ፣ ለእያንዳንዱ ወገን የሚሆን ተግባራዊ ምክር እናስቀምጥ።

ለጤና ባለሙያዎች። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጎፋ፣ መካኒሳ ወይም ለቡ ቤት ለቤት ስትሄድ በር የምትከፍትላት አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፤ ስለ ቤቱ ሰው ሁሉ የምትመልሰውም እሷ ናት። ቤት ውስጥ ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ካለ እሱንም በስሙ ጥሩት። መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ከእሱ ጋር ለብቻ ጊዜ ውሰዱ፤ ከዚያ ቤተሰቡን ስሙ። በካርዱ ላይ «እንዲህ አለ» እና «ቤተሰቡ እንዲህ አሉ» ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። ሁለቱን አቀላቅላችሁ አንድ ታሪክ አታድርጉት። በተለያዩበት ቦታ ላይ «መቼ? የት? ምሳሌ ስጡኝ» ብላችሁ ጠይቁ። በተቻለ መጠን ጸጥ ያለ ክፍል ምረጡ፤ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አስቀድማችሁ ብትሰጡ ደግሞ የበለጠ ይመለሳሉ።

ለቤተሰብ። ባለሙያው ወደ እናንተ ዞሮ ሲጠይቅ ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ባለቤቱ ዞር በሉ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?» በሉት። እሱ የተናገረውን ፊቱ ላይ አታስተባብሉ። ካያችሁት ጋር ካልገጠመ «እኔ ያየሁት እንዲህ ነው» ማለት ይበቃል። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ለሚከብደው ሰው ጎን ለጎን እየሄዱ መጠየቅ ይቀላል፤ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ውስጥ አንድ ዙር እየተራመዱ የሚወጣ ነገር ሳሎን ውስጥ ላይወጣ ይችላል። ያፈራችሁበትን ወይም የደበቃችሁትን ነገር ለሐኪም ግን አትደብቁ።

ኦቲዝም ላለባችሁ አዋቂዎች፣ ወይም «እኔም ይኖርብኝ ይሆን?» ብላችሁ ለምትጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ የሚሞላ መጠይቅ ውጤት ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ ወደ ባለሙያ ለመሄድ መነሻ ግን ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ያስቸገራችሁን ነገር ከነሰዓቱ ጻፉ፤ «ሰው አልወድም» ከማለት ይልቅ «ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ ምንም አልገባኝም» የሚለው ይጠቅማል። የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ማን እንደሚሆን የምትመርጡት ግን እናንተ ናችሁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ዛሬውኑ ሂዱ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 ነው። ስምምነቱ አካል ጉዳተኞች ስለ ራሳቸው ጉዳይ የመወሰን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በምርመራ ክፍል ውስጥ የሚጀምረው ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ስለ ሰውየው ከመጠየቅ በፊት ሰውየውን ከመጠየቅ። የቤተሰብን ቃል ማንም አይጥለውም፤ ብዙ ያየ፣ ብዙ የደከመ ቃል ነው። ነገር ግን የቤተሰብ ቃል የባለቤቱን ቃል ይደግፋል እንጂ በቦታው አይቆምም።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ካለ፣ በዚህ ሳምንት ስለ እሱ ከሌላ ሰው ከመስማታችሁ በፊት እሱን ራሱን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ መልሱን እስኪጨርስም ጠብቁት።



(የመውጫ ዜማ)